አዋሽ ፓርክን በደንብ ለማየት፦ ከመነሻው እስከ መመለሻው

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል፤ ብዙ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ይደርሳል፣ ፏፏቴው ጋ ፎቶ ይነሳል፣ ምሳውን ይበላል፣ ከዚያ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ ሳለ ሜዳውን አንዴ ዞሮ «እንስሳ የለም እኮ!» እያለ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንስሳው ግን አለ። በዚያ ሰዓት ግራር ስር ተኝቶ ነው፣ አንዳንዱም ከመንገዱ ሃያ ሜትር ላይ ቆሞ እናንተን እያየ ነው።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። እደሩ። አንድ ሌሊት ብቻ እደሩ። ከሰዓት በኋላ ገብታችሁ፣ አምሽታችሁ፣ በነጋታው ገና ሳይነጋ ተነስታችሁ ሜዳው ላይ ብትገኙ ሌላ አገር የሄዳችሁ ነው የሚመስላችሁ። ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ ይህን ምክር ትቀበላላችሁ ብዬ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ አንበሳ ለማየት ብላችሁ አትሂዱ። አንበሳ አለ፣ ነብርም አለ፤ ግን ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ የሚንቀሳቀሱትም በአብዛኛው ሌሊት ነው። ሌሊት ሲያገሳ ከሰማችሁ ዕድለኞች ናችሁ። አዋሽን እንደ ኬንያው ማሳይ ማራ ወይም እንደ ታንዛኒያው ሴሬንጌቲ መንጋ በመንጋ ላይ የሚፈስበት ቦታ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ማዘኑ አይቀርም። እዚህ የሚታየው ሌላ ነው። በአንድ በኩል እሳተ ገሞራ፣ በሌላው በኩል ገደልና ወንዝ፣ መሃሉ ላይ የሳር ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ሳላ፣ ያ ባለ ረጅም ቀንዱ የሜዳ እንስሳ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ተኩል ማየት የሚቻልበት ቦታ ብዙ የለም።

መቼ ይሻላል?

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ከዚህም ውስጥ እኔ የምመርጠው ኅዳር መጨረሻን፣ ታኅሣሥንና ጥርን ነው። ጥቅምት ላይ ሜዳው ያምራል፣ ሳሩ ግን ገና ረጅም ስለሆነ ትንንሾቹን እንስሳት ይውጣቸዋል፤ ውሃም በየቦታው ስላለ ሁሉም እንደየፍላጎቱ ተበትኗል። ወደ ጥር ሲጠጋ ሳሩ ይደርቃል፣ ያጥራል፣ ርቆ ማየት ይቻላል፣ እንስሳቱም ወደ ወንዙ ይጠጋሉ። ሌሊቱና ንጋቱ ደግሞ ያን ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ቆላ ነው ብላችሁ ጃኬት ጥላችሁ እንዳትሄዱ።

ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ሕፃን ወይም ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ተዉት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ሰማዩ ውብ ነው፣ ወፉ ብዙ ነው፣ የውስጥ መንገዱ ግን ጭቃ ሲሆን መኪና ይይዛል፤ ፏፏቴውን በሙሉ ጉልበቱ ማየት የምትፈልጉ ግን በክረምቱ ማብቂያ፣ መስከረም አካባቢ ብትሄዱ አትቆጩም።

ከመነሳታችሁ በፊት

ደውሉ። ፓርኩ ውስጥ ወይም አዋሽ ሰባት ኪሎ (አዋሽ ከተማ) ወይም መተሐራ የሚኖር ሰው ካላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት። መንገዱ ሰላም ነው ወይ? መሬቱስ? ይህን ሁለተኛውን የምለው በምክንያት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት የፓርኩ እሳተ ገሞራ በሆነው በፈንታሌና በአካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ በተደጋጋሚ ደርሷል፤ መሬት ተሰነጣጥቋል፣ ቤት ፈርሷል፣ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተነስቷል፣ ንዝረቱም አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለን ሰው ሳይቀር ከአልጋው አስነስቷል። ቦታው ስምጥ ሸለቆ ነው፣ ከታቹ ገና የሚንቀሳቀስ ነገር አለው። የአካባቢው ሰው «ዛሬ ወደዚያ አትሂዱ» ካላችሁ አትከራከሩ።

ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ። ፏፏቴው አጠገብ ሎጅ አለ፤ ውሃው ሲወርድ እየሰማችሁ ታድራላችሁ፣ ሲነጋ ደግሞ ሜዳው ቅርብ ነው። ዋጋው ከበዳችሁ ደግሞ አዋሽ ከተማ ውስጥ ቀለል ያሉ ሆቴሎች አሉ። ከከተማ ካደራችሁ ግን ጠዋት ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ እንዳትነሱ፣ ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ። አጎበር መኖሩን ጠይቁ፤ አካባቢው ወባ ያለበት ቆላ ነውና ስለ መከላከያው መድኃኒት ከመሄዳችሁ ቀደም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ።

መታወቂያ አትርሱ። ለአገር ሰውና ለውጭ ዜጋ የመግቢያው ዋጋ ይለያያል፤ ከአሜሪካም ሆነ ከአውሮፓ ለእረፍት የመጣችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካላችሁ ያዙት። ጥሬ ብርም ያዙ። ኔትወርክ ሲጠፋ በሞባይል መክፈል አይቻልም።

መኪናውና ቦርሳው

እስከ ፏፏቴው ድረስ፣ በጋ ከሆነ፣ ከፍ ያለ አውቶሞቢልም ይደርሳል። ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ለመዞርና በተለይ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፍል ውሃው ለመሄድ ግን ፎር ዊል ያስፈልጋል። ከመነሳታችሁ በፊት ስኮርታ ጎማችሁን አስነፉ፣ ክሪኩ መሥራቱን እዩ። የግራር እሾህ ጎማ ይበሳል፤ የወደቀ ቅርንጫፍ መንገድ ላይ ካያችሁ በላዩ ላይ አትሂዱ፣ ወርዶ ማንሳት ወይም መዞር ነው።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከሦስት ሊትር እንዳያንስ። ምግብ የሚሻገት ነገር አትያዙ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆንጆ የአገር ቤት ዳቦ፣ ሙቀት የማይጎዳው ነገር። ልብሳችሁ ከሳሩና ከአፈሩ ጋር የሚሄድ ቀለም ይሁን፣ ካኪ፣ ግራጫ፣ ቡናማ። ደማቅ ነጭና ቀይ ከሩቅ ያሳብቅባችኋል። ጫማችሁ የተዘጋ ይሁን፣ እሾሁም ጊንጡም አለ። ነጠላ ወይም ሽርጥ መያዝ እኔ ከልቤ የምመክረው ነው። ለአቧራ ፊት ይሸፈንበታል፣ ለፀሐይ ራስ ይከለልበታል፣ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ጥላ ይሆናል፣ ፍል ውሃ ጋ ደግሞ ይታጠቁታል።

ባይኖኩላር ከየትም ብላችሁ ተዋሱ። ያለ እሱ ግማሹን ነው የምታዩት። ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል፤ ለአራት ሰው አንድ ከሆነ ግን እኔ ልይ እኔ ልይ ሲባል ወፉ ይሄዳል። ፎቶ ለምታነሱ ደግሞ አንዲት ዘዴ ልንገራችሁ። ሁለት ኪሎ የሚሆን ሩዝ ወይም ሽንብራ በጨርቅ ከረጢት ሰፍታችሁ ያዙ። የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ ከረጢቱን በሩ ጠርዝ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ካሜራውን ወይም ስልኩን በላዩ ላይ ታሳርፋላችሁ፣ ሞተር ታጠፋላችሁ። እጅ ሳይንቀጠቀጥ ጥርት ያለ ፎቶ ይወጣል።

መንገዱ

እስከ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ወለንጪቲ፣ ከዚያ መተሐራ። ከአዳማ በኋላ ያለው መንገድ የጅቡቲ መንገድ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ መቅደም ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

መተሐራ አጠገብ መንገዱ ሐይቅ ዳር ይወስዳችኋል። በሰቃ ነው። ቆም ብላችሁ እዩት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ትንሽ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። አገሩ ሁሉ ውሃ እየጎደለበት በሚጨነቅበት ዘመን ይህ ሐይቅ እያደገ አስቸገረ። መንገዱንም የባቡር ሐዲዱንም ከፍ ማድረግ ግድ ሆኖ ነበር። ከመሬት በታች ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ጨምሯል፤ የአካባቢው የመስኖ እርሻም እንደ አንድ ምክንያት ይጠቀሳል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ አይጠጣም፣ እርሻም ይጎዳል። ዳሩ ላይ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ከፈንታሌ የወጣ ቅልጥ አለት ነው። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ አካባቢ የፈሰሰ እንደሆነ ይነገራል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ዛሬም ሳር ሳያበቅል እንደ ጠቆረ ነው።

ከመተሐራ ወጥታችሁ ወደ አዋሽ ከተማ ስትሄዱ የፓርኩ ዋና በር በስተቀኝ ነው። እዚህ ጋ ፍጥነት ቀንሱ። አውራ ጎዳናውና የባቡሩ መስመር ፓርኩን ለሁለት ይከፍሉታል፤ እንስሳት በተለይ ሲመሽና ሲነጋ ይሻገራሉ፣ በከባድ መኪና የሚገጩትም ጥቂት አይደሉም።

በሩ ላይ ከፍላችሁ ስካውት፣ ማለትም አብሯችሁ የሚዞር የፓርኩ ጠባቂ፣ ትይዛላችሁ። አንዳንዱ ሰው ስካውቱን እንደ ጥበቃ ብቻ ያየዋል፣ ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ አንድ ቃል ሳያናግረው ይዞረዋል። እንዲህ አታድርጉ። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡት። ትናንት ሳላዎቹ የት እንዳደሩ፣ የትኛው ሜዳ ላይ ሰጎን እንደታየ፣ የቱ መንገድ እንደተቆረጠ የሚያውቀው እሱ ነው። ስሙን ጠይቁት፣ ውሃ ስጡት፣ «ዛሬ ብዙ ማየት አንፈልግም፣ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው» በሉት። ብዙ ጎብኚ እያጣደፈው ስለሚውል ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ ለራሱ የሚወዳትንም ቦታ ያሳያችኋል።

ሜዳው ላይ እንዴት ይታያል?

ከአውራ ጎዳናው በስተደቡብ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ሰፊው የሳር ሜዳ ኢላላ ሳላ ይባላል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ እዚህ ሁኑ። ከ12 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ይመጣል፣ ከመሬቱ የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል፣ በባይኖኩላር እንኳ ሁሉ ነገር ይንቀጠቀጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 እስከ 12።

በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱ። በየአምስት መቶ ሜትሩ ቁሙ። ሞተር አጥፉ፣ ሙዚቃ አጥፉ፣ አምስት ደቂቃ ዝም በሉ። የመጀመሪያው ደቂቃ ምንም የለም። በሁለተኛው አንድ ወፍ ይጮኻል። በአራተኛው ግን ቁጥቋጦ ነው ብላችሁ ያለፋችሁት ነገር ጆሮውን ሲያወዛውዝ ታያላችሁ።

ዓይን መልመድ አለበት። ሰው ልማዱ ሙሉ እንስሳ መፈለግ ነው፤ ሙሉ እንስሳ ግን እምብዛም አይታይም። ክፍሉን ፈልጉ። ቁጥቋጦው ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚያድገው፣ እንጨቱም ሳሩም። በዚያ መሃል አግድም የተሰመረ ነገር ካያችሁ የእንስሳ ጀርባ ወይም ሆድ ሊሆን ይችላል። ጆሮ ፈልጉ፣ የጅራት ውልብታ ፈልጉ። በባይኖኩላር ስታዩ ደግሞ ከሩቅ ጀምራችሁ ወደ ቅርብ ኑ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ ብላችሁ። አንብበን የለመድነው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ ዓይናችን በዚያ በኩል ይሮጣል፤ ሲገለበጥ ይረጋጋል።

ሳላን ለማግኘት ብዙ አትለፉም፣ ሜዳ ላይ ነው የሚውለው። ግራጫ ገላ፣ ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ፣ ቀንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የወጣ፣ ሜትር የሚጠጋ። ሴቷም ቀንድ አላት፤ የእሷ ቀጠን ይላል፣ ብዙ ጊዜም ይረዝማል። በጎን ሲቆም ሁለቱ ቀንዶች ይደራረቡና አንድ ይመስላሉ። እንግዲህ ይህ እንስሳ በዚህ ሙቀት፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ፣ ቀኑን ሙሉ እንዴት ይቆማል? ውሃ ላለማባከን ቶሎ አያልበውም። ቀኑ ሲግል የሰውነቱም ሙቀት አብሮ ይወጣል፣ ብዙ እንስሳ የማይችለው ደረጃ ላይ ደርሶም ይቋቋመዋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ለብርዱ ይለቃል። ቀትር ላይ ቆሞ ስታዩት «ምን ነካው» አትበሉ፤ ሥራ ላይ ነው።

ከሳላ ጋር ብዙ ጊዜ የሜዳ ፍየል ታያላችሁ፣ ቂጧ ነጭ የሆነው ሶመሪንግ የሚባለው ዓይነት። ከቁጥቋጦው ጥግ ጥግ አምባራይሌ አለ። እሱን ማየት ይከብዳል፣ ሰው ሲያይ አይሮጥም፣ ቆሞ ይደርቃል፤ ገላው ላይ ያሉት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ከእንጨቱ ጥላ ጋር ይቀላቀላሉ። ከርከሮ ጅራቱን ሽቅብ ሰቅሎ ቤተሰቡን አስከትሎ ሲሮጥ ግን ማንም አያጣውም፣ ልጆች ይህን በጣም ነው የሚወዱት።

እኔ ግን ጊዜ ስጡት የምላችሁ እንሹን ነው። ከጥንቸል ብዙ የማትበልጥ ሚጢጢ ናት፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ እግሮቿ ቀጫጭን። አንዷን ካያችሁ ሁለተኛዋን ፈልጉ። ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት፣ ሌላኛው ከጥቂት ሜትር አይርቅም። ቅርብ ከሆነች በባይኖኩላር ዓይኗን እዩ። ከዓይኗ ፊት ለፊት ጥቁር ጠብታ የመሰለ ነገር አለ። እጢ ነው። ቀጭን እንጨት ወይም የሳር ጫፍ ትመርጥና ፊቷን በጥንቃቄ ታስጠጋለች፣ ጫፉን እጢው ላይ ታሻሸዋለች፣ የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር እዚያ ላይ ይቀራል። ድንበሯ ነው። ዝናብና ፀሐይ ሲያደክመው ተመልሳ ታድሰዋለች። ስካውቱን «እስቲ አንድ ምልክት አሳየን» በሉት፤ መውረድ በሚፈቀድበት ቦታ ጫፏ የጠቆረች እንጨት ያሳያችኋል፣ አጠገቧም የፍግ ክምር ይኖራል።

ወፍ ለሚወድ ደግሞ አዋሽ ትልቅ ቦታ ነው፣ ከ450 በላይ ዝርያ ተመዝግቦበታል። ስም ማወቅ ግዴታ አይደለም። ሜዳው ላይ ኮሪ ባስታርድ የሚባለውን ግዙፍ ወፍ ካያችሁ ጀርባው ላይ ሌላ ወፍ እንዳለ ተመልከቱ። አንዳንዴ ቀዩ ንብ በል ወፍ ይቀመጥበታል። ትልቁ ወፍ ሳሩን እየረገጠ ሲሄድ ፌንጣ ይነሳል፣ ትንሹ ብድግ ብሎ ይይዝና ተመልሶ ጀርባው ላይ ያርፋል። ትልቁ ደንታም የለው፣ ይራመዳል። ይህን ያየ ሰው አንበሳ አላየሁም ብሎ አያማርርም።

ከመኪና አትውረዱ፣ ስካውቱ ካልፈቀደ በቀር። እንስሳቱ መኪናን ለምደውታል፣ በሩ ተከፍቶ ሰው ሲቆም ግን ይበረግጋሉ። ከመንገድ ወጥቶ ሳሩ ላይ መንዳትም የለም። አንድ ጎማ የሄደበት መስመር ለዓመታት ይቀራል፣ ሌላው ሰው መንገድ መስሎት ይከተለዋል፣ መሬት ላይ ጎጆ የሚሠራ ወፍ ደግሞ ብዙ ነው።

ፏፏቴው

ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ፏፏቴው ውረዱ። ቁመቱ አስር ሜትር ገደማ ነው፣ እንደ ጢስ ዓባይ አትጠብቁት። ውበቱ ከደረቅ ሜዳ መጥታችሁ ድንገት አረንጓዴ ውስጥ መግባታችሁ ላይ ነው። ይህ ውሃ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ደጋ፣ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ ቆቃ ላይ ተገድቦ፣ እዚህ ደርሷል፤ ከዚህ ወደ አፋር ወርዶ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ባሕር አይደርስም። ከፏፏቴው በታች ወንዙ ጥልቅ ገደል ውስጥ ይገባል፣ ከላይ ሆኖ ማየት ይቻላል፣ ጠርዙ ላይ ግን ልጆችን እጃቸውን ያዙ።

አዞ አለ። ድንጋይ የመሰለውን ሁሉ ሁለቴ እዩት። እግሬን ልንከር፣ ልጁን ላጥበው፣ የሚባል ነገር የለም። ወንዙ ዳር ትልልቆቹ ዛፎች ላይ ጉሬዛ ሊኖር ይችላል፣ ሽቅብ ማየት አትርሱ።

ዝንጀሮዎቹን ግን ቀረብ ብላችሁ ልብ በሉ፣ አዋሽ በዓለም የሳይንስ ሰዎች ዘንድ ከታወቀበት ነገር አንዱ ይህ ነው። ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ እዚህ ይገናኛል። ከፏፏቴው ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደሚመጣበት በኩል፣ አኑቢስ የሚባለው ነው ያለው፣ ጸጉሩ ወደ ወይራማ ቡናማ የሚያደላ። ወደ ታች፣ ወደ ገደሉና ወደ ደረቁ አገር ደግሞ ሐማድርያስ ነው፤ ወንዱ ትከሻው ላይ ነጣ ያለ ግራጫ ጎፈር አለው፣ ፊቱም ወደ ሮዝ ይሄዳል። መሃል ላይ፣ ፏፏቴው አካባቢ፣ ሁለቱ ይዳቀላሉ። ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት እየመጡ ያጠኗቸው ለዚህ ነው። ጠባያቸውም ይለያል። የሐማድርያስ ወንድ የራሱን ጥቂት ሴቶች ይዞ ነው የሚኖረው፣ አንዷ ራቅ ካለች ዓይኑን ያፈጥባታል፣ አልሰማ ካለች አንገቷን ይነክሳል። የአኑቢስ ሴት ግን በዘመዶቿ መሃል ነው የምትኖረው፣ ወንዱ ነው ከመንጋ መንጋ የሚዞረው። አሥር ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ማን ማንን እንደሚከተል ብታዩ ይገባችኋል።

ምግብ አትስጧቸው። ሙዝ የተወረወረለት ዝንጀሮ ነገ የመኪና መስኮት የሚገባ ዝንጀሮ ነው፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሕፃን ልጅ የነከሰ ተብሎ የሚገደል ዝንጀሮ ነው። መስኮት ዝጉ፣ ምግባችሁን ሸፍኑ፣ ፌስታልና ላስቲክ አንድም እንዳይቀር።

ፈንታሌና ፍል ውሃው

ጊዜ ካላችሁ በሁለተኛው ቀን ከአውራ ጎዳናው በስተሰሜን ያለውን እዩ። ፈንታሌ 2,007 ሜትር ከፍታ አለው፣ ሜዳው ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በታች ነው፤ ስለዚህ ከየትም ሆናችሁ ይታያችኋል። አናቱ የፈረሰ ሰፊ ጉድጓድ ነው፣ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ከስንጥቆቹ እንፋሎት ይወጣል። ከሩቅ ማየቱ ለብዙ ሰው ይበቃል። መውጣት የሚፈልግ ሰው ግን በመጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጡን ነገር ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፣ የአካባቢ መሪ ይያዝ፣ ሌሊት ይነሳ።

ፍል ውሃው ከመንገዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ነው፣ መንገዱ ድንጋያማ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚኬደው። ደርሳችሁ ስታዩት ግን ድካሙ ይረሳል። በዱም ዘንባባ የተከበበ፣ ወለሉ የሚታይ፣ ሰማያዊ ውሃ። ምንጩ አጠገብ ያቃጥላል፤ እጃችሁን ሳትነክሩ እንዳትገቡ። የሚታጠቡበትን ቦታ የአካባቢው ሰው ያሳያችኋል፣ ከዚያ ርቃችሁ አትግቡ፤ ውሃው እየቀዘቀዘ በሚሄድበት በኩል አዞ ሊኖር ይችላል። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ቀትር ላይ ፍል ውሃ ውስጥ መግባት አያስደስትም።

አገሩ ሰው አለው

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመሠረት ባዶ መሬት አልነበረም። ከረዩና አፋር፣ ኢቱም ከብትና ግመላቸውን ያሰማሩበት አገር ነው። የሸንኮራ እርሻውና ፓርኩ በዚያው ዘመን ሲመጡ የግጦሽ መሬታቸው ጠበበ። ስለዚህ በበጋ ወራት ፓርኩ ውስጥ ከብት ስታዩ ስካውቱን «ለምን አታባርራቸውም?» ብላችሁ አትቆጡት። ነገሩ ከባድ ነው፤ ዱር እንስሳውም ሳር ይፈልጋል፣ በድርቅ ጊዜ ከብቱ የሚያልቅበት አርብቶ አደርም መሄጃ የለውም። ሰላምታ ስጡ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ስልኩን ዝቅ ማድረግ ነው።

ወደ ቤት ስትመለሱ አስፋልቱ ዳር በማዳበሪያ የተሞላ ከሰል ተደርድሮ ታያላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ዋጋ ርካሽ ነው፣ የመኪናው ኋላም ባዶ ነው። አትግዙ። ያ ከሰል ትናንት ሳላው የተጠለለበት ግራር ሊሆን ይችላል፤ የግራር ዛፍ ለመቆረጥ አንድ ቀን፣ ለማደግ ግን ብዙ ዓመት ነው የሚፈጅበት። ለሚሸጠው ልጅ ማዘን ተገቢ ነው፤ ካዘናችሁለት ውሃ፣ ወተት፣ ፍራፍሬ፣ ሌላ የሚሸጥ ነገር ካለ ከሰፈሩ ግዙ። ማደሪያችሁም፣ ምሳችሁም እዚያው ይሁን፤ ሁሉን ነገር ከአዲስ አበባ ጭኖ የሚሄድ ጎብኚ ለአዋሽ ሰው አቧራ ብቻ ነው የሚተውለት።

ከፓርኩ ስትወጡ ከቀኑ 8 ሰዓት ባያልፍ ጥሩ ነው። ከመተሐራ እስከ አዳማ ያለውን መንገድ ከመጨለሙ በፊት ጨርሱት፤ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ከብት፣ የተበላሸ ከባድ መኪና ሁሉ ሲመሽ አይታይም። የተገጨ እንስሳ መንገድ ላይ ካያችሁ አትውረዱ፣ ቦታውን ልብ በሉና ለስካውቱ ደውላችሁ ንገሩት። ስልክ ቁጥሩን ከመለያየታችሁ በፊት ተቀበሉት።